ጥያቄና መልስ፦ የቼዝ ፕሮግራም በቤት ኮምፒውተር ላይ

ቼዝን የሚመለከቱ የአንባቢዎቻችን ደብዳቤዎች ስለበዙ በዚህ ወር ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። መልሱን የጻፉልን ለቤት ተጠቃሚዎች የቼዝ ፕሮግራም በመጻፍና ተጠቃሚዎች ሲቸገሩ ድጋፍ በመስጠት ሥራ ላይ የቆዩ ባልደረባችን ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ በራሴ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ የቼዝ ፕሮግራም ለመጻፍ አስቤ ነበር፤ ጓደኞቼ ግን «ስቶክፊሽ በነፃ እያለ ለምን ትደክማለህ?» እያሉ ተስፋ ያስቆርጡኛል። እውነታቸውን ነው? ካልሆነስ ከየት ልጀምር? (ከጎንደር)

መልስ፦ የሚፈልጉት ጥንካሬ ብቻ ከሆነ ጓደኞችዎ እውነት አላቸው። እጅግ ጠንካራ የሆነውን የቼዝ ፕሮግራም ስቶክፊሽን በ2008 የጀመረው ማርኮ ኮስታልባ የተባለ ጣሊያናዊ ፕሮግራመር ሲሆን፣ መነሻ ያደረገውም የኖርዌያዊውን የቶርድ ሮምስታድን ግላውሩንግ የተባለ የቼዝ ፕሮግራም ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የኮምፒውተራቸውን ትርፍ ጊዜ እያዋሱ እያንዳንዱን የኮድ ለውጥ በሺዎች በሚቆጠሩ ጨዋታዎች የሚፈትኑበት ፊሽቴስት የሚባል ሥርዓት አለው። አንድ ተማሪ በአንድ ላፕቶፕ ይህን ሊቀድም አይችልም።

የቤት ተጠቃሚ ከቼዝ ፕሮግራም የሚፈልገው ግን ጥንካሬን ብቻ ሆኖ አያውቅም። ፒተር ጄኒንግስ በ1976 ቶሮንቶ ላይ ማይክሮቼስን የጻፈው ከአንድ ኪሎባይት ብዙም የማይበልጥ ሜሞሪ ለነበራት ኪም-1 ለተባለች ኮምፒውተር ነበር። ፕሮግራሙ ደካማ ተጫዋች ነበር፤ ቢሆንም ሰዎች በደስታ ገዝተው በቤታቸው ተጫወቱበት፤ ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብም በኋላ ቪዚካልክ የተባለው ዝነኛ የሒሳብ ፕሮግራም ለገበያ እንዲበቃ አግዟል። ባልና ሚስቱ ዳንና ካቲ ስፕራክለንም በ1978 ሳርጎን የተባለው ፕሮግራማቸው በካሊፎርኒያ የማይክሮ ኮምፒውተሮች ውድድር ካሸነፈ በኋላ ኮዱን በሙሉ በመጽሐፍ አሳትመው ማንም ሰው መስመር በመስመር እያነበበ እንዲማርበት አድርገዋል። የእርስዎም ሥራ ዋጋ የሚለካው ስቶክፊሽን በማሸነፍ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ክፍል ለምን እንደዚያ እንደጻፉት ማስረዳት በመቻልዎና ቤቱ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው የሚሆን ነገር በማቅረብዎ ነው።

መጀመሪያ የሚጽፉት ክፍል ምንም ዓይነት ማሰብ የሌለበት ነው። ሥራው በአንድ አቀማመጥ ላይ ሕጉ የሚፈቅዳቸውን እርምጃዎች አንድም ሳያጎድል፣ አንድም ሳይጨምር መዘርዘር ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን በጥድፊያ ጨርሶ ወደሚማርከው ክፍል ያልፍና ከወራት በኋላ ፕሮግራሙ ለምን እንግዳ እርምጃ እንደሚያደርግ ሲፈልግ ይኖራል። እባክዎ እዚህ ላይ ይቆዩ። ፕሮግራመሮች ፐርፍት የሚሉት መፈተኛ አለ፤ ከአንድ አቀማመጥ ተነሥቶ እስከ ተወሰነ ጥልቀት ድረስ ሊደረጉ የሚችሉትን የእርምጃ ቅደም ተከተሎች ሁሉ መቁጠርና ከታወቀው ቁጥር ጋር ማመሳከር ነው። ከመነሻው አቀማመጥ ነጩ 20 እርምጃዎች አሉት፤ ጥቁሩ ሲመልስ 400 ይሆናሉ፤ ከዚያ 8,902፣ 197,281፣ 4,865,609 እያለ ይቀጥልና በስድስተኛው ግማሽ እርምጃ (ግማሽ እርምጃ የአንዱ ወገን አንድ እንቅስቃሴ ነው) 119,060,324 ይደርሳል። በአምስተኛው ላይ 4,865,351 ካገኙ ስሕተቱን ብዙ መፈለግ አያስፈልግዎትም፤ የጎደሉት 258 እርምጃዎች ኤን ፓሳን የሚባሉት፣ ማለትም ሁለት ቤት ዘልሎ ያለፈውን ወታደር ጎረቤቱ አንድ ቤት ብቻ እንደተራመደ ቆጥሮ የሚበላባቸው ናቸው።

ሆኖም ቁጥሮቹ እስከ ስድስተኛው ድረስ ስለገጠሙ ብቻ ሥራው አልቋል አይበሉ። ነጩ ካስል ለማድረግ፣ ማለትም ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እርምጃ ለማንቀሳቀስ፣ ቢያንስ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ማድረግ ስላለበት ካስሊንግ ከመነሻው አቀማመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጠረው በሰባተኛው ግማሽ እርምጃ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የካስሊንግ ኮድዎ ፈጽሞ የተበላሸ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ አይነግርዎትም። ለዚህ ነው ሆን ተብለው የተዘጋጁ ሌሎች አቀማመጦችን መጨመር የሚያስፈልገው። ከእነዚህ አንዱን በወረቀት ላይ ሥለው ይመልከቱት፦ የነጩ ንጉሥ ኤ5 ላይ፣ ወታደሩ ቢ5 ላይ፣ የጥቁሩ ሩክ በዚያው ረድፍ ጫፍ ኤች5 ላይ፣ የጥቁሩ ወታደር ደግሞ ሲ7 ላይ ቆሟል። ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ሲ5 ቢገፋ የነጩ ወታደር በኤን ፓሳን ሊበላው የሚችል ይመስላል። ቢበላው ግን ሁለቱም ወታደሮች በአንድ ጊዜ ከአምስተኛው ረድፍ ስለሚለቁ ሩኩ ከሌላው ጫፍ ንጉሡን በቀጥታ ያገኘዋል፤ ስለዚህ እርምጃው የተከለከለ ነው። በንጉሡና በሩኩ መካከል አንድ መከላከያ ብቻ ሲኖር የሚፈትሽ ኮድ እዚህ ሁለት ስለሚያገኝ ችግር የለም ብሎ ያልፋል። በቼዝ ፕሮግራም ጽሕፈት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ፍለጋው ይሄዳሉ። በአንድ የተለመደ አቀማመጥ በአማካይ 35 ያህል እርምጃዎች ይኖራሉ ብንል፣ አራት ግማሽ እርምጃ ወደፊት ለማየት 1,500,625 መጨረሻዎችን መመዘን ይጠይቃል። አልፋ-ቤታ የሚባለው ዘዴ የተሻለው እርምጃ ሁልጊዜ ቀድሞ ከተሞከረ 2,449 መጨረሻዎችን ብቻ አይቶ ያንኑ መልስ ይሰጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለአንድ እርምጃዬ ተቃዋሚዬ የሚቀጣኝን አንድ መልስ ካገኘሁ የቀሩትን መልሶች መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ይህ ሁሉ ጥቅም በቅደም ተከተሉ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ትልቁን በትንሽ የሚበሉ እርምጃዎችን ከፊት ማስቀደም ብቻውን ፕሮግራምዎን በእጅጉ ያፈጥነዋል። ፍለጋውን ደግሞ መበላላት በሚካሄድበት መሐል አያቁሙት። ንግሥት ወታደር በበላችበት ቅጽበት ፍለጋው ቢቆም ፕሮግራሙ አንድ ወታደር እንዳተረፈ ይቆጥራል፤ በሚቀጥለው እርምጃ ንግሥቲቱ እንደምትበላ አላየምና። ስለዚህ አቀማመጡ እስኪረጋጋ ድረስ የሚበሉ እርምጃዎችን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ተጨማሪ ፍለጋ የግድ ያስፈልጋል።

ሰሌዳውን ራስዎ ለመሣል ጊዜዎን አይጨርሱ። ስቴፈን ማየር-ካህለንና ሩዶልፍ ሁበር በ2000 ያወጡት ዩሲአይ የተባለ የመነጋገሪያ ደንብ ስላለ፣ ፕሮግራምዎ ጥቂት የጽሑፍ ትእዛዞችን መቀበልና መመለስ ከቻለ እንደ አሬና ወይም ኪውት ቼስ ያሉ ነፃ የሰሌዳ ፕሮግራሞች ያስተናግዱታል። በመጨረሻም ያሻሻሉትን ቅጂ ከቀድሞው ጋር ሲያጋጥሙ በጥቂት ደርዘን ጨዋታዎች ውጤት አይርኩ፤ ትንሽ ብልጫ በእድል ብቻ ሊመጣ ስለሚችል ኮምፒውተሩን ሌሊት ሌሊት አጫጭር ጨዋታዎችን በብዛት ሲያጫውት ያሳድሩት።

ጥያቄ፦ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ያወረድኩት የቼዝ ኢንጂን አንዳንዴ ያለ ምንም መልእክት ይዘጋል፤ ሲሠራም ኮምፒውተሩ ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ሌላ ነገር መክፈት አይቻልም። ኮምፒውተር መቀየር አለብኝ? (ከዱባይ)

መልስ፦ አያስፈልግዎትም፣ እኅቴ። ያለ መልእክት የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ለአዳዲስ ፕሮሰሰሮች የተዘጋጀውን ቅጂ ስላወረዱ ነው። አንድ ኢንጂን፣ ማለትም እርምጃዎችን የሚያሰላው ፕሮግራም፣ በበርካታ ቅጂዎች ይቀርባል፤ ፈጣኖቹ አሮጌ ፕሮሰሰር የማያውቃቸውን ትእዛዞች ስለሚጠቀሙ ወዲያው ይሞታሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ለማንኛውም ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር የሚሆነውን፣ ምንም ተጨማሪ ምልክት ከስሙ ኋላ የሌለበትን ይምረጡ። ሁለተኛ፣ በማስተካከያው ገጽ ላይ «ትሬድስ» የሚለውን ወደ 1፣ «ሃሽ» የሚለውን ደግሞ ወደ 128 ወይም 256 ሜጋባይት ዝቅ ያድርጉ። ሃሽ ኢንጂኑ ቀድሞ ያሰላቸውን አቀማመጦች የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ ካለው ሜሞሪ በላይ ከሰጡት ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ እየተመላለሰ ስለሚጽፍ ፍጥነት ይጨምራል ሲሉ እጅግ ይቀንሳል። ትንተና ሲከፍቱም እስኪያስቆሙት ድረስ እንደማይቆም ያስታውሱ፤ ሰሌዳውን ትተው ሲነሡ የማቆሚያውን ቁልፍ ይጫኑ።

የመጨረሻ ጨዋታ ሠንጠረዦችንም (ጥቂት ጠጠር የቀረባቸው አቀማመጦች ውጤት አስቀድሞ ተሰልቶ የተቀመጠባቸውን ፋይሎች) ማውረድ አለብኝ ወይ ብለው በደብዳቤዎ ጫፍ ላይ ጠይቀዋል። ሲዚጂ የሚባሉት ሠንጠረዦች ንጉሦቹን ጨምሮ አምስት ጠጠር እስከቀረባቸው አቀማመጦች ድረስ ከአንድ ጊጋባይት ባነሰ ቦታ ይገባሉ፤ ስድስት ሲሆኑ 150 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳሉ። ለመማር ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ይበቃሉ፤ ለሁለተኛዎቹ የኢንተርኔት ገንዘብዎን አያውጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፤ ቼዝ በጣም ይወዳል። በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፕሮግራም ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ሳደርገው ለጥቂት እርምጃዎች እንደ ባለሙያ ይጫወትና በድንገት ንግሥቱን በነፃ ይሰጠዋል። አንድ ሁለት ደረጃ ስጨምር ደግሞ ልጁ አንድ ጨዋታ እንኳ ማሸነፍ አይችልም፤ አሁን እየሸሸ ነው። በመካከል ያለ ነገር የለም? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በድጋፍ ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ከወላጆች ሲመጣልኝ የኖረ ነው፤ የሙያው ሰዎችም ከሚገባው በታች ያሰቡበት ይመስለኛል። ፕሮግራምን ለማጠንከር የወጣው ድካም እጅግ ብዙ ነው። በ1997 የአይቢኤም ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ በኒው ዮርክ የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ሲያሸንፍ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጦችን ይመረምር ነበር፤ ዛሬ የቤት ላፕቶፕ ከዚያ ባነሰ ፍለጋ ከዚያ የበለጠ ይጫወታል። ፕሮግራምን በሚገባ ማድከም ግን ሌላ ሙያ ነው፤ ለቤት ተጠቃሚ የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው።

ልጅዎ ያጋጠመው ነገር ምክንያት አለው። ብዙ ኢንጂኖች ደረጃቸው ሲቀነስ መጀመሪያ እንደ ወትሮው በሚገባ ያሰላሉ፤ ከዚያ ካገኟቸው ጥሩ ጥሩ እርምጃዎች መካከል በዕጣ መሰል ዘዴ ደከም ያለውን ይመርጣሉ። ስቶክፊሽም ከ0 እስከ 20 በሚቆጠሩት ደረጃዎቹ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ ከጨዋታው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከሰማይ እንደ ወረደ ይሆናል። የአሥር ዓመት ልጅ ሲሳሳት ግን እንዲህ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ ቢሾፕ ያመልጠዋል፤ ፈረስ ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል ይዘነጋል፤ ጥቃት ሲጀምር የተቃዋሚውን እርምጃ ማየት ያቆማል። እነዚህን ስሕተቶች የሚሠራ ተቃዋሚ ልጁን የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ስሕተቱን ለማግኘትና ለመቅጣት ማሰብ ይኖርበታልና። ንግሥቱን በዕጣ የሚሰጥ ተቃዋሚ ግን ስጦታ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ብቻ ያለማምደዋል።

በዚህ ረገድ ደስ ያሰኘኝ ሥራ ማያ የተባለው ነው። በቶሮንቶና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ያቀረቡት ሲሆን፣ ዓላማው ምርጡን እርምጃ መፈለግ ሳይሆን በአንድ የችሎታ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በዚያ አቀማመጥ ምን ያደርግ ነበር የሚለውን መገመት ነው። የሠለጠነውም ሰዎች እርስ በርሳቸው በተጫወቷቸው በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ጨዋታዎች ነው። በተጫዋቾች የችሎታ ነጥብ ከ1100 እስከ 1900 ድረስ በየደረጃው የተለያየ ቅጂ አለው፤ በሊቼስ ድረ ገጽ ላይም በነፃ መጫወት ይቻላል። ልጅዎ ገና ጀማሪ ከሆነ ዝቅተኛው እንኳ ሊከብደው ስለሚችል ከዚያኛው ወገን ፈረስ ወይም ሩክ አንሥተው ጨዋታውን ያስጀምሩት፤ ይህ ለዘመናት ጠንካራው ለደካማው ሲያደርገው የኖረ የክብር ልማድ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። በሰሌዳው ጎን ማን እንደሚመራ የሚያሳየውን አሞሌ ያጥፉት። ልጁ ዐይኑን ከጠጠሮቹ ላይ አንሥቶ አሞሌውን ማየት ከጀመረ በራሱ መመዘን ይተዋል። እርምጃ መመለስን ግን አይከልክሉት፤ «ይህን ባላደርግ ኖሮስ?» ብሎ መመለስና እንደገና መሞከር በቤት የሚጫወት ልጅ ከሚያገኛቸው ጥቅሞች ዋነኛው ነው። ራስዎም በሳምንት ጥቂት ጨዋታ ከልጁ ጋር ይጫወቱ፤ ለዚህ ምትክ የሚሆን ደረጃ በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ አልተሠራም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አባቴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር አስታውሳለሁ። የውጭው ቼዝ በየኮምፒውተሩ ሲገባ የእኛው ሰንጠረዥ ለምን አይገባም? የሚያስቸግር ነገር አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ስለ ጥያቄዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኔም ብዙ ያሰብኩበት ነገር ነው። የጠጠሮቹ አካሄድ አያስቸግርም። ንጉሡ፣ ፈረሱና ሩኩ እንደ ዛሬው ቼዝ ናቸው፤ በንግሥት ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊሉ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ወታደሩ ከመነሻውም አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ይህ የዛሬው ቼዝ ቅድመ አያት የሆነው የጥንቱ የሻትራንጅ ወገን ነው፤ ፌሪ-ስቶክፊሽ የተባለው ነፃ ኢንጂን ሻትራንጅን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከዚያ መነሣት ይቻላል።

የሚያስቸግረው ወረራ የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ካሰባሰቧቸው መረጃዎችም እንደምንረዳው ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን እያስተካከለ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከላይ ለጎንደሩ ተማሪ የገለጽኩት የፍለጋ ዘዴ በሙሉ «አንድ እኔ፣ አንድ እሱ» በሚል ተራ ላይ የቆመ ስለሆነ ተራ በሌለበት ቦታ መሠረቱን ያጣል። በዚያ ላይ ኮምፒውተር በአንድ ሰከንድ አሰላለፉን ጨርሶ ሊጠብቅዎት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ጨዋታውን ጣዕም ያሳጣዋል። እኔ ብሠራው ሁለት ክፍል አደርገዋለሁ። በወረራው ጊዜ ፕሮግራሙ በሰው እጅ ፍጥነት፣ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ እየቆየ ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ይገደዳል፤ የሚያስበውም ዋና ነገር ወረራው አሁን ቢቋረጥ ማን ይጠቀማል የሚለውን ነው፤ የመጀመሪያውን ጠጠር ለመብላት የሚመረጠው ጊዜ የጨዋታው ግማሽ ጥበብ ነውና። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ የተለመደው ፍለጋ ይረከባል።

ሌላው ለፕሮግራመር አስደሳች የሆነው የማቱ ክብር ነው። በዛሬው ቼዝ ፕሮግራም ዘንድ ማት ሁሉ እኩል ነው፤ የሚለያየው በስንት እርምጃ እንደሚደርስ ብቻ ነው። በሰንጠረዥ ግን በሩክ ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በወታደር ሲሆን ያስከብራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቅርብ ያለውን ተራ ማት ትቶ ራቅ ያለውን የተከበረ ማት መፈለግ አለበት፤ ሲሸነፍም ክብር በሌለው ማት ለመሸነፍ መጣር አለበት። ይህን የሚያደርግ ኢንጂን መጻፍ ይቻላል፤ እንዲያውም ድካሙ ያን ያህል አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሕጉ ነው። ጨዋታው እንደየአካባቢው የተለያየ ደንብ ስለነበረው አባትዎ እንዴት ይጫወቱ እንደነበር፣ ወታደር ጫፍ ሲደርስ ምን እንደሚሆን፣ ንጉሥ ብቻውን ሲቀር ጨዋታው እንዴት እንደሚያልቅ የሚያስታውሱትን ሁሉ በጽሑፍ አስፍረው ቢልኩልን ዓምዱ በደስታ ያትመዋል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር የምጠግንበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ስቶክፊሽን ከአማርኛ ሰሌዳ ጋር አዘጋጅቼ በፍላሽ ብሸጠው ሕገ ወጥ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ መሸጡ አልተከለከለም፤ የተከለከለው መደበቁ ነው። ስቶክፊሽ የሚሰራጨው ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሦስተኛ ቅጂ ነው። ይህ ፈቃድ ፕሮግራሙን በገንዘብም ቢሆን እንዲያከፋፍሉ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የፈቃዱን ጽሑፍ፣ ኮዱን በሙሉ፣ እርስዎ የለወጡት ነገር ካለም ያንን ጭምር ለገዢው መስጠት አለብዎት፤ ገዢውም መልሶ ለሌላ የመስጠት መብት አለው። ትልልቆቹም በዚህ ተከሰዋል። በሃምቡርግ የሚገኘው የቼዝ ሶፍትዌር ኩባንያ ቼስቤዝ በ2021 ፋት ፍሪትዝ 2 የተባለውን ምርት ሲያወጣ የስቶክፊሽ ሠሪዎች ፕሮግራሙ ከራሳቸው የተወሰደ ሆኖ ሳለ ፈቃዱ አልተከበረም በማለት ሙኒክ ከሚገኝ ፍርድ ቤት ደረሱ፤ በ2022 ኅዳር አካባቢ በስምምነት ሲቋጭ ኩባንያው የስቶክፊሽ ኮድ ያለባቸውን ምርቶች መሸጡን ለማቆምና የነፃ ሶፍትዌር ፈቃዶችን መከበር የሚከታተል ሰው ለመመደብ ተስማምቷል።

የአማርኛውን ሰሌዳ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አድርገው ከኢንጂኑ ጋር በዩሲአይ ብቻ እንዲነጋገር ካደረጉ ሥራዎ ንጹሕ ይሆናል፤ ኢንጂኑ በተሻለ ቅጂም በቀላሉ ይተካል። የፈቃዱን ጉዳይ ግን ለሕግ ባለሙያ ያሳዩት። ጽሑፎቹን ሁሉ ከኮዱ ለይተው በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ፊደላችን ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል ቁልፎቹ በጽሑፉ ልክ የሚሰፉ ይሁኑ፤ በትንሽ መጠን ‹ሰ›ና ‹ሱ› ሳይለዩ እንዳይቀሩም በአሮጌ ስክሪን ላይ ይሞክሩት። ደንበኛው በእርግጥ የሚከፍልዎት ለኢንጂኑ አይደለም፤ ፍላሹ አልከፈት ሲለው ሱቅዎ መጥቶ የሚያናግረው ሰው ስለሚያገኝ ነው። ዋጋዎንም በዚያ ላይ ይመሥርቱ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት የቼዝ ፕሮግራም ሕግ ጥሶ አሸነፈኝ። በንግሥት በኩል ካስል ሲያደርግ ሩኩ በእኔ ቢሾፕ ጥቃት ላይ ነበር። ለሠሪዎቹ ስለ ስሕተቱ ጻፍኩ፤ መልስ የሚባል የለም። ምን ላድርግ? (ከነታንያ)

መልስ፦ መልስ መከልከልዎ ትክክል አይደለም፤ ፕሮግራም የሸጠ ሰው ጥያቄው ቀላል ቢሆንም የመመለስ ግዴታ አለበት። ፕሮግራሙ ግን ሕግ አልጣሰም። በካስሊንግ ጊዜ ጥቃት ላይ መሆን የማይችለው ንጉሡ ነው፦ የቆመበት ቤት፣ የሚያልፍበት ቤትና የሚያርፍበት ቤት። ሩኩ ጥቃት ላይ ቢሆን አይከለክልም፤ በንግሥት በኩል ሲሆንም ሩኩ ብቻ የሚያልፍበት የቢ ቤት ጥቃት ላይ ቢሆን አይከለክልም። ይህን አለማወቅ አያሳፍርም። ታላቁ የቼዝ ተጫዋች ቪክቶር ኮርችኖይ እንኳ በ1974 ሞስኮ ላይ ከካርፖቭ ጋር በተጫወተው የዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻ ማጣሪያ በ21ኛው ጨዋታ ሩኩ ጥቃት ላይ ሳለ ካስል ማድረግ ይቻል እንደሆነ ዳኛውን ጠይቆ ነበር፤ ተፈቅዶለትም አሸንፏል።

እንደዚህ ያሉ አቤቱታዎች በድጋፍ ሥራ ላይ ከሚደርሱት ብዙውን ድርሻ ይይዛሉ። ሌላው የተለመደው «ፕሮግራሙ ሳላሸንፍ ጨዋታውን አቻ አለው» የሚለው ነው። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ አንድ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ሲደገም ወይም ወታደር ሳይንቀሳቀስና ጠጠር ሳይበላ 50 እርምጃ ሲያልፍ ተጫዋቹ አቻ መጠየቅ ይችላል፤ ድግግሞሹ አምስት ወይም እርምጃው 75 ሲደርስ ግን ጨዋታው ማንም ሳይጠይቅ በአቻ ያልቃል። አንዳንድ ፕሮግራሞች በሦስተኛው ላይ ራሳቸው ስለሚያቆሙ ተጠቃሚው ግራ ይጋባል። እኔ ፕሮግራሙ «አቻ» ብሎ ብቻ እንዳይዘጋ፣ በየትኛው ደንብ እንዳቆመና የተደገሙት አቀማመጦች በስንተኛው እርምጃ ላይ እንደነበሩ እንዲያሳይ አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ መስመር ጽሑፍ ብዙ ደብዳቤ ያስቀራል።

በእርግጥ ስሕተት የሆነ ነገር ሲያጋጥምዎት ደግሞ ደብዳቤዎ እንዲህ ቢሆን መልስ የማግኘት ዕድልዎ ይጨምራል። የስክሪኑን ፎቶ ብቻ አይላኩ፤ ከፎቶ ላይ የማን ተራ እንደሆነ፣ ንጉሡ ከዚህ በፊት ተንቀሳቅሶ እንደነበር ወይም ኤን ፓሳን ይፈቀድ እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ፒጂኤን በሚባለው የፋይል ዓይነት ያስቀምጡትና ያያይዙት፤ ሁሉም ፕሮግራም ማለት ይቻላል ይህን ያደርጋል። የፕሮግራሙን ቅጂ ቁጥር፣ የኮምፒውተሩን ሥርዓተ ክወና፣ የተጫወቱበትን ደረጃና የሰጡትን ጊዜ ይጻፉ። ከዚያ ምን ይሆናል ብለው እንደጠበቁና ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ ደግመው ሲሞክሩት መልሶ የሚከሰት ከሆነም ያንን ይጨምሩ። ይህን ሁሉ ልከው በተመጣጣኝ ጊዜ ውስጥ ምላሽ ካላገኙ ገንዘብዎን ከገዙበት መደብር ለመጠየቅ በእጅዎ በቂ ማስረጃ አለ።